ከሊብሬው ጋር ያልገጠመው ሞተር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ የቡና ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ይህኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ ስል የኖርኩትን ሰው አንድ የሞተር ቁጥር እንደ አዲስ አስተዋወቀኝ።

ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም በቾ ቦሬ ሰፈር ከእናቴ ጋር የምኖር የፊዚክስ መምህርት ነኝ። አባቴ ይርጋ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እዚያው ጅማ መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። በገበያ ቀን ደግሞ አቡጀዲውንና ሻሹን ጭኖ ወደ አጋሮና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና መንደሮች ይወጣ ነበር። የሚጭነው በቮልሱ ነው። ይቺን ክሬም ቀለም ያላትን ቮልስ እኔ ሳልወለድ ከአንድ ጡረተኛ ገዝቷት ቤተሰቡ ሁሉ በእሷ ሲጓጓዝ ኖረ። እኔ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣሁት በእሷ ነው። አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረስኩትም በእሷ ነው።

እሱ ሲሞት ቮልሷ ለእኔ ቀረች። የባጃጅ ሾፌሮቹ ጠዋት ጠዋት "ቲቸር፣ ዛሬም ተነሳች?" እያሉ ይቀልዱብኛል። አዎ፣ ትነሳለች። ካንዴላዋን የምፈታው እኔ ነኝ፤ ፑንቲናዋን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ትርፍ ቺንጊያ፣ ያ የሞተር ቀበቶ፣ ከመቀመጫዬ ሥር ጠፍቶ አያውቅም። የአሮጌ ቮልስ ባለቤት መሆን ማለት እጅን በቤንዚን ታጥቦ ክፍል መግባትን መልመድ ማለት ነው። ተማሪዎቼ መምጣቴን ከድምፄ በፊት በቤንዚን ሽታዬ ያውቃሉ።

አንድ ክፉ ዓመል ብቻ አለባት። አርባ ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ትግላለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ መቆም አለባት። አባቴ ይህን "ወባዋ ተነሳባት" ይለው ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አጋሮ አክስቴ ዘንድ ለበዓል ስንሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይቆማል። የኋላውን ክዳን ይከፍትና ሣር ላይ ተቀምጠን ትኩሳቷ እስኪበርድ እንጠብቃለን። እናቴ ዣንጥላዋን ዘርግታ "የሰው መኪና ሰው ያደርሳል፤ የእኛን እኛው እናስታምማት!" እያለች ታጉረመርማለች። እሱ ደግሞ "አረጀች፤ ጀርመኖች እኮ የእኛን አገር ሙቀት አስበው አልሠሯትም" ብሎ ያልፈዋል።

እኔም አመንኩት። አምኜም አልቀረሁ፣ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ሞተር ባስተማርኩ ቁጥር የእኛን ቮልስ ምሳሌ እያደረግሁ "በሙቅ አገር ይቸገራል" እላለሁ። ስንቱን ልጅ አሳስቼ ይሆን!

እንግዲህ ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ፣ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ሊብሬው በስሜ እንዲዞር መኪናዋን ይዤ ወደ ቢሮ ሄድኩ። የወራሽነት ማስረጃው፣ የእናቴ ስምምነት፣ ሁሉም ተሟልቷል። መኪናዋን የሚመረምሩት ሰውዬ ረጋ ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የኋላውን ክዳን አስከፍተው ከዲናሞው ሥር ያለውን የዘመናት ቅባት በጨርቅ ጠረጉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሞተሩን አዩ፣ ሊብሬውን አዩ፣ እንደገና ሞተሩን አዩ።

"መምህርት፣ ሻንሲው ልክ ነው" አሉኝ። "ሞተሩ ግን የዚህች መኪና አይደለም።"

ሳቅሁ። ቅባቱ ሸፍኖት ይሆናል አልኳቸው።

"ራስዎ ያንብቡት።"

ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። የሞተሩ ቁጥርና የሊብሬው ከመጀመሪያው አኃዝ ጀምሮ አይመሳሰሉም።

"አባትዎ ሞተር ቀይረው ያውቃሉ?"

"አባቴ ኮፍያውን እንኳን ቀይሮ አያውቅም።"

ሰውዬው አልሳቁም። በክፋት ሳይሆን በሐዘኔታ ነበር የሚያዩኝ። "አንድ ወር እሰጥዎታለሁ። ወይ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ሞተር ያምጡ፣ ወይ ይኼኛው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት ያቅርቡ። ካልሆነ ጉዳዩን ለፖሊስ ለማሳወቅ እገደዳለሁ። የተሰረቀ ሊሆን ይችላላ።"

የተሰረቀ። ይቺን ቃል ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አባቴ ጨርቁን በክንዱ ለክቶ ከጨረሰ በኋላ አንድ ስንዝር መርቆ የሚቆርጥ ሰው ነበር። ባለችው ተብቃቅቶ፣ የሰው ሳይነካ የኖረ ሰው ነው ብዬ ነው የማውቀው። እሱን ከስርቆት ጋር ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ። ግን ቁጥሩ አፍጥጦ ያየኛል። ይህ ሞተር የሆነ ሰው ንብረት ነበር። የማን ነው? የእኛውስ የት ገባ? መኪናዋን ባጣት ከልብ አዝናለሁ፤ አባቴን እንደገና መቅበር ግን አልችልም።

ለእናቴ "አንድ ወረቀት ጎድሎ ነው" ብዬ አለፍኳት። የአርባ ዓመት ባሏን "ያ ጻድቅ" እያለች ነው የምታነሳው። እንዴት ብዬ የሞተሩን ነገር ላንሳባት?

በማግስቱ በቀጥታ መርካቶ ወደ ጋሽ ነስሩ ሄድኩ። ጋሽ ነስሩ እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ የቮልሷ ሐኪም ናቸው። ጋራዣቸው አንድ ሳንቃ በርና አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን በሰጋቱራ ማሸት ጀመሩ። አሹት፣ አሹት፣ ቀና አላሉም።

"ጋሼ፣ ያውቃሉ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ። ግን አልነግርሽም።"

"እንዴት?"

"አባትሽ እጄን ይዞ 'ነስሩ፣ ለሰው አትንገር' ብሎኛል። እጅ ተይዞ የተባለ ነገር ከመሐላ አያንስም፣ ወላሂ።"

"አባቴ እኮ ሞቷል፣ ጋሼ።"

"እሱ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩማ!"

ተናደድኩ። የፖሊሱን ነገር ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መንገድ ማሳየት መንገር አይደለም። አጋሮን እለፊ። ከአጋሮ በኋላ ሦስተኛው ድልድይ ላይ ስትደርሺ ሞተርሽን አጥፊና አዳምጪ።"

"ምን አዳምጬ?"

"ከሰማሽ ታውቂዋለሽ።"

ልሄድ ስል ከመሣሪያ ሣጥናቸው የቮልስ ሞተር የሚፈታበትን አስራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። "ይቺን አባትሽ በየዓመቱ ለቀማ ሲደርስ ይዋሰኝ ነበር። በማግስቱ ይመልስልኝ ነበር። አንድም ዓመት ቅባት ነክቷት ተመልሳ አታውቅም።"

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተነሳሁ። መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል ነበር። አንድ ሰው ሞተር ለመፍታት ቁልፍ ተውሶ ይሄዳል፤ ሳይፈታ ይመለሳል፤ በዓመቱ ደግሞ ይሄዳል። ይህን ምን ብለው ይጠሩታል? ቮልሷ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ አስቆመችኝ። አጋሮን አልፌ ጠጠሩ መንገድ ላይ ስገባ በግራና በቀኝ ቀይ ቡና በጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ። አንድ ድልድይ፣ ሁለት ድልድይ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩና ለማጥፋት የመኪናዋን ቁልፍ አዞርኩ።

ሞተሩ አልጠፋም።

ቮልስ ስትግል ቁልፉ ከወጣ በኋላም ትንሽ መንተፋተፏ ያለ ነው። ጠበቅሁ። አሁንም ጠክ ጠክ ይላል። ወርጄ የኋላ ክዳኗን ነካሁ። ጸጥ ብላለች። ድምፁ የሚመጣው ከወንዙ ማዶ ነው።

እንዴት እንደደነገጥኩ አልነግራችሁም። ያን ድምፅ በሆዴ ነው የማውቀው። እንደ ልብስ ስፌት መኪና አንድ ወጥ ሆኖ የሚመታ የቮልስ ሞተር ነው። ያውም የማያስነጥስ፣ የማያለከልክ፣ ጤነኛ። መንገድ ላይ ግን ከእኔ በቀር አንድም መኪና የለም።

ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ድምፁን ተከተልኩ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው የእሸት ቡና መፈልፈያ ነው። ቀዩ ቡና በአንድ በኩል ይገባል፣ ገለፈቱ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ፍሬው በውሃ እየታጠበ ወደ ገንዳ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያዞረው በረጅም ቺንጊያ የተያያዘ ሞተር ነው። በግንድ አልጋ ላይ በብሎን ታስሯል። አንድም ቅባት የለበትም። ልክ እንደ ቤት ዕቃ ተወልውሏል። የእኛ ቮልስ ሞተር ከዚያ ጋር ሲተያይ ለማኝ ይመስላል።

ሽማግሌ ሰው ከጥላው ሥር ተነስተው ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው ግን ከእኔ አልፎ ድልድዩ ላይ የቆመችውን ቮልስ ያያል። ፊታቸው በራ።

"ይርጋ መጣ?" አሉ።

በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቻቸው የይርጋ ልጅ መሆኔን፣ እሱም ማረፉን ነገርኳቸው። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብለው መዳፋቸውን በፊታቸው ላይ አሳረፉ። "ሦስት ለቀማ ቀረብን። ታሟል አልን እንጂ ይህን አላልንም፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለታቸው ነው። ስማቸው አባ ዚያድ ነው። የመፈልፈያው ኃላፊ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ከእኔ ልደት በፊት ይተዋወቃሉ።

ሙዝ አቀረቡልኝ፣ መቀመጫ አመጡልኝ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ሊብሬውን ከቦርሳዬ አውጥቼ "አባ ዚያድ፣ የዚህን ሞተር ቁጥር ማየት እችላለሁ?" አልኳቸው። ሳይጠይቁኝ አስጠፉልኝ። ጎንበስ አልኩ። ቁጥሩ ንጹሕ ነው፣ ቅባት እንኳን መጥረግ አላስፈለገኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጠመ።

አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከሐፍረት አላውቅም። አባቴ ሌባ አልነበረም።

አባ ዚያድ በአማርኛም በኦሮምኛም እያቀላቀሉ ነገሩኝ። ነገሩ የሆነው እኔ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያን ዓመት ቡናው ከልክ በላይ በዛ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ከቦካ ማንም አይገዛውም። የእነሱ መፈልፈያ የሚዞረው ከአንድ የሞተ ቮልስ በተፈታ አሮጌ ሞተር ነበር። እሱም ታሟል። አንድ ሰዓት ሠርቶ ይግላል፣ ይቆማል።

"ክምሩ የሰው ቁመት አከለ" አሉኝ። "ሽታው መለወጥ ጀመረ። የዓመት ልፋታችን እኮ ነው፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። አባትሽ ገበያ ላይ ጨርቁን ዘርግቶ ነበር። መጣና አየ። ሄዶ ጨርቁን አጠፈ። ከዚያ 'አራት ብሎን ናት' አለ።"

ቮልስ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። የቮልስን ሞተር ከመኪናዋ ጋር የያዙት ዋናዎቹ አራት ብሎኖች ናቸው። ፈቱትና አምስት ሰው ተሸክሞ መፈልፈያው ላይ አሰረው። በሽተኛውን ሞተር ደግሞ ቮልሷ ላይ ገጠሙላትና አባቴ ቀስ እያለ፣ እያረፈ፣ ጅማ ገባ።

"ለስንት ጊዜ ነበር የተባለው?" ስል ጠየቅሁ።

"ለሦስት ቀን።"

"ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል እኮ፣ አባ ዚያድ!"

"ኤዬ" አሉ፣ አዎ ለማለት። "ሃያ አራት ዓመት።"

ወባው ምን እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። በልጅነቴ ሣር ላይ ተቀምጠን ያስታመምነው የዚህን መንደር በሽተኛ ሞተር ነበር።

ለምን አልመለሱለትም? ይህን በቀጥታ ጠየቅኋቸው። ተማሪ መጠየቅ ልማዴ ነው፤ ዞር ዘወር ማለት አልችልበትም። አባ ዚያድ መሬት መሬት እያዩ መለሱልኝ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ መጣ። ሞተሩን ሊጠይቅ እንደመጣ አውቀዋል። እነሱም ሊሰጡት ተዘጋጅተዋል። ግን ክምሩ ገና አላለቀም። እሱ ክምሩን አይቶ ዝም አለ። እነሱ ዝምታውን አይተው ዝም አሉ። በዓመቱ መጣ። ያኔም ለቀማ ነው። ሞተሩን ወልውለው፣ ብሎኑን አላልተው ጠበቁት። "ውሰድ" ብንለው ውለታውን የጠላን ይመስላል ብለው ፈሩ፤ እሱ እስኪናገር ጠበቁ። እሱ ደግሞ "ስጡኝ" ማለቱን እንደ ንፉግነት ቆጠረው። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሞተሩ ላይ እጁን አሳርፎ፣ አዳምጦ ተመለሰ። የጋሽ ነስሩ ቁልፍ ቅባት ሳይነካት የምትመለሰው ለዚህ ነበር።

"ዓመት ዓመቱን እንዲህ ሆነ" አሉ። "ለመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት እዚህ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ። 'አባ ዚያድ፣ ይህ ሞተር...' አለና ቆመ። እኔም 'ይርጋ፣ ይህ ሞተር...' አልኩና ቆምኩ። ተያየን። ከዚያ ስለ ዝናብ ተጫወትን።"

ከመፈልፈያው ጀርባ ወሰዱኝ። በላስቲክ የተሸፈነ የእንጨት ሣጥን አለ። ውስጡ አዲስ የናፍጣ ሞተር ነው። ማኅበራቸው ከገዛው ስድስት ዓመት ሆኖታል። የሣጥኑን ጥግ አይጥ በልቶታል።

"ለምን አልገጠማችሁትም?"

"የይርጋን አውርደን? እሱ ሳያውቅ? መጥቶ መሬት ላይ ወድቆ ቢያየው ምን ይለናል!"

እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ደግሞም ተናደድኩ። አባቴ በሽተኛ ሞተር ሲያስታምም ሃያ አንድ ዓመት። እነሱ አዲስ ሞተር አይጥ ሲያስበሉ ስድስት ዓመት። ሁሉም ለሌላው ተጨንቆ። ይሉኝታ ስንቱን እንደሚያስር እሰማ ነበር፤ ሞተር ሲያስር ግን ገና ማየቴ ነው።

ከዚያ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። አባ ዚያድ ቀና ብለው አዩኝ። ሠራተኞቹም ሥራ አቁመው ያዩኛል። ቀዩ ቡና ተከምሯል፣ ተሸካሚዎቹ ገና ይመጣሉ። ለምን እንደመጣሁ ሁሉም ያውቃል፤ ሊብሬው በእጄ ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያ አስራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አለ። አፌን ስከፍት ምን ልል እንደነበር ታውቃላችሁ? "ግድ የለም፣ ይቆይ፣ እኔ ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ።" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቴ ልጅ ነኛ!

ሌላ ዘዴ ግን የለኝም። ይህን ብዬ ብመለስ መኪናዋም ትሄዳለች፣ የአባቴም ስም ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። እነሱም ያን ሞተር እየወለወሉ እኔን ሌላ ሃያ ዓመት ይጠብቁኛል።

"አባ ዚያድ" አልኩ። "ሞተሩን እፈልገዋለሁ። ስጡኝ።"

ስጡኝ ብዬ ለሽማግሌ ሰው ፊት ለፊት መናገሬ ጆሮዬን አጋለው። ከዚያ አባ ዚያድ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ። "አልሐምዱሊላህ! አንድ ሰው ተናገረ!"

እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ግን ይስቃሉ። ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ። "የአራጣ ዕዳ ያለበት ሰው እንኳን እንዲህ አይከብደውም፣ ኢንተላ ኮ። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አባትሽን አስባለሁ፣ ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ። ዛሬ ሸክሜን አወረድሽልኝ።"

የዕለቱን ቡና ፈልፍለን እስክንጨርስ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ቁልፉን አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ብሎኖች እኔ ፈታሁ፤ አንደኛውን አባ ዚያድ ካልፈታሁ አሉ። አባ ዚያድ ቤት አደርኩ። እሑድ ጠዋት አዲሱ የናፍጣ ሞተር ከሣጥኑ ወጥቶ መፈልፈያው ላይ ታሰረ። ቮልሷ የራሷን ሞተር አገኘች። በሽተኛው ሞተር ወደ ባለቤቶቹ ተመልሶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አባ ዚያድ ጠጋ ብለው ዳበስ አደረጉትና "በሰው አገር ብዙ ተንከራተትክ" አሉት። ሁሉም ሳቀ።

ከአጋሮ ጅማ ሳልቆም ገባሁ። ዳገቱ ላይ ቮልሷ እንደ ወጣት ስትወጣ ለብቻዬ ጮህኩ።

በማግስቱ መርማሪው ሰውዬ ቁጥሩን አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "የት ተገኘ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ወረቀቱ ላይ ፈርመው ሲሰጡኝ "እኔም ለጎረቤት ያዋስኩት መሰላል ነበረኝ" አሉ። የሰጡኝን ወረቀት ይዤ ስወጣ ቀና ብለው ግድግዳውን እያዩ ነበር።

የከበደኝ ለእናቴ መንገር ነው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። "ያን ሁሉ ዘመን ፀሐይ ላይ ያሰጣኝ ለዚህ ኖሯል!" አለች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቁ የመጣውን እንባ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፦

"አንድ ሞተር ስጡኝ ማለት ያቃተው ሰው፣ ለእኔስ ስንት ነገር ሳይለኝ ሄደ ይሆን?"

ይህ ጥያቄ አሁንም አብሮኝ አለ። አባቴን ከድሮው አብልጬ እወደዋለሁ፤ አዝንበታለሁም። ደግ ሰው ነበር። ግን ደግነቱ ውስጥ ፍርሃትም ነበረበት፣ ያንን በልጅነቴ ባውቅ ኖሮ ብዙ ነገር እጠይቀው ነበር።

እሱን መጠየቅ አልችልም፤ እናቴ ግን አለች። ስለዚህ አንድ ቀን ልብስ ስናጣጥፍ "እማዬ፣ አንቺስ ሳትናገሪው የቀረ ነገር አለ?" አልኳት። "ኤዲያ! እኔ ምን አለኝ" ብላ አባረረችኝ። ሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያው ቆየን። ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በቮልሷ መስኮት ወደ ውጭ እያየች ተናገረች።

"መንዳት እፈልግ ነበር።"

"ምን?"

"መኪና መንዳት። አጠገቡ ተቀምጬ ማርሽ ሲቀይር እግሬ አብሮ ይረግጥ ነበር። አንድ ቀን እስቲ ልያዛት ብዬው አላውቅም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

እናቴ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ እንሄዳለን። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና ከመሪው ኋላ ትቀመጣለች። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ደርሳለች። ፍሪሲዮኑን በቅርቡ ፈጅታ እንደምታስቀይረኝ ከወዲሁ አውቄዋለሁ። ዝም ብዬ ግን አላያትም። "እግርሽን አንሺ!" ብዬ እጮህባታለሁ፤ እሷም መሪውን ሳትለቅ "አንቺ ራስሽ ዝም በይ!" ብላ ትጮህብኛለች።